ሎጎ አዟሪ ሆኜ ልቀር ነው?

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 27 ነው። ገርጂ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሞሽን ግራፊክስ (የሚንቀሳቀስ ስዕልና ጽሁፍ) ስሰራ አራት ዓመቴ ነው። ማታ ማታ የግሌን እሰራለሁ፤ የዩቲዩብ ቻናል መግቢያ፣ የሰርግ ቪዲዮ ርዕስ፣ የበዓል እንኳን አደረሳችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሎጎ ማዞር፣ ማለትም የድርጅት ምልክት ማንቀሳቀስ። ጓደኞቼ ‹ሎጎ አዟሪው› ይሉኛል። ስራ አለ፣ ብር ግን የለም። አንዱ ደንበኛ ሲሄድ ሌላውን ፍለጋ እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ። በቅርቡ ፋይቨር በሚባለው የኢንተርኔት የስራ ገበያ አንድ የውጭ ደንበኛ አገኘሁ። የሰራሁለትን ወዶት ‹ይህንኑ ለዌብሳይቴ አድርግልኝ፣ ጀርባው ግን ባዶ ይሁን› አለኝ። ኤምፒ ፎር ብልክለት ጥቁር ጀርባ ይዞ ሄደ። ጂፍ አድርጌ ላክሁለት፤ 18 ሜጋባይት ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ድምፁ ጠፋ። ስራዬን ለቅቄ ሙሉ በሙሉ ፍሪላንስ ልግባ? ቀጥዬስ ከባለ ሦስት ገጽታ ፕሮግራሞቹ የቱን ልማር፣ ሲኒማ ፎርዲ ወይስ ብሌንደር? ዶላሩስ እንዴት ነው የሚገባው? እናቴ ‹ደሞዝህን እንዳትለቅ› ትለኛለች። እሷ ስራዬን የምታየው በዚያች አሮጌ ስልኳ ስለሆነ ግማሹ አይከፈትላትም።

ሎጎ አዟሪው፣ ከገርጂ»

ወንድሜ ሎጎ አዟሪው፣

ስምህ ደስ አለኝ። ጋዜጣ አዟሪ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ሎጎ አዟሪ። ሦስቱም ቀኑን ሙሉ ዞረው ማታ የቀረውን ይቆጥራሉ። «አንተ» እያልኩ ስጽፍልህ ቅር አይበልህ። በዕድሜም፣ በስራውም፣ በኪሳራውም ቀድሜሃለሁ።

ሦስት ነገር ጠይቀኸኛል። እኔን የያዘኝ ግን እግረ መንገድህን የነገርከኝ ነው። ያቺ 18 ሜጋባይት።

እስቲ ሰውዬውን ሁነው። ስራህን ወዶታል። ፋይሉን ተቀብሎ ዌብሳይቱን ለሚሰራለት ዲቨሎፐር ሰጠው። ዲቨሎፐሩ ክብደቱን አየና «ይሄ አይገባም» አለው። ሰውዬው ደግሞ በዲቨሎፐሩና በአንተ መሃል አስተርጓሚ መሆን አልፈለገም። ሌላ ሰው ፈለገ። ጠንቋይ ሆኜ አይደለም ይህን የምለው። እኔም በጊዜዬ እንዲሁ ተብያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደው ኤምፒ ፎር ባዶ ጀርባ አይዝም። ጂፍ ይይዛል፤ ግን በፈረንጅ 1987 የተወለደ ፎርማት ነው። ቀለሙ 256 ብቻ ነው። አንድ ነጥብ እሱ ዘንድ ወይ አለ ወይ የለም፤ ግማሽ ግልጽ የሚባል አያውቅም። የሎጎህ ጠርዝ አይጥ የበላው የሚመስለው ለዚህ ነው። ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። የሞባይል ካርድ ሞልቶ ገጹን የሚከፍት ሰው ለአምስት ሰከንድ ሎጎ 18 ሜጋባይት አይከፍልልህም።

ሎጎው ጠፍጣፋ ቅርጽና መስመር ከሆነ መድኃኒቱ ሎቲ ነው። ሎቲ አኒሜሽኑን እንደ ቪዲዮ አያስቀምጠውም። «ይህ ክብ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይድረስ» የሚል መመሪያ አድርጎ በጽሁፍ ፋይል ያስቀምጠዋል። ስዕሉን የሚስለው ስልኩ ራሱ ነው። አፍተር ኢፌክትስ ከሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ቦዲሙቪን በሚባለው ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ይወጣል። የማረፊያ ቤት አከራዩ ድርጅት ኤርቢኤንቢ ሎቲን ለሁሉም የለቀቀው በፈረንጅ 2017 ነው። ስሙን የሰጡት ሎተ ራይኒገር ለምትባል ጀርመናዊት ነው። በፈረንጅ 1926 ከወረቀት በመቀስ እየቆረጠች ባዘጋጀቻቸው ጥላ ምስሎች ሙሉ ርዝመት ያለው አኒሜሽን ፊልም ያወጣች ሴት ናት። መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እኛ ፕሮግራሙ ተንቀረፈፈ ብለን ጠረጴዛ እንደበድባለን።

አንተ 18 ሜጋባይት ያደረግከው ነገር በሎቲ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ሁሉን አይቀበልም። ብልጭታ የሚሰጡ ፕለጊኖች፣ ጢስና ብናኝ፣ ብዙዎቹ ኢፌክቶች አያልፉም። ፎቶ ከከተትክበት ያብጣል። ስለዚህ ገና ስትጀምር በሼፕ ሌየር (እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ በተሳለ ቅርጽ) ነው መስራት ያለብህ፤ ከጨረስክ በኋላ «ወደ ሎቲ ልቀይረው» ማለት የተሰፋ ካፖርት ፈትቶ ሱሪ ለማድረግ እንደመሞከር ነው። የግድ ባለ ሦስት ገጽታ ከሆነ ወይም ጥላና ጢስ ካለው ደግሞ ቪዲዮ ይሁን፣ ግን በሁለት ፋይል። ለክሮምና ለፋየርፎክስ ባዶ ጀርባ የሚይዝ ዌብኤም፣ ለሳፋሪ ደግሞ ባዶ ጀርባ የሚይዝ ኤችኢቪሲ።

ይህን ሁሉ ያበዛሁት ያንተን ችግር ችሎታ ማነስ ሳይሆን ርክክብ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ስራው ከእጅህ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ይሰበራል። ፍሪላንስ ውስጥ ደግሞ ደንበኛን መልሶ የሚያመጣው ይኼው ርክክብ ነው። አሳምሮ የሚያንቀሳቅስ ሰው ሞልቷል። ዲቨሎፐሩ ሳይደውልለት ስራው ገጹ ላይ የሚገባለት ሰው ግን ጥቂት ነው። ያ ሰው ለሚቀጥለውም ስራ ይጠራል፣ የሚጠራውም ራሱ ዲቨሎፐሩ ነው።

ሌላም ሂሳብ አለ። አንድ ድርጅት ያለው አንድ ሎጎ ነው። አንዴ ካዞርክለት አበቃ። ዌብሳይቱ ወይም አፑ ላይ ግን ስንት የሚንቀሳቀስ ነገር አለ! ገጹ እስኪከፈት የሚታየው፣ ክፍያው ሲሳካ የሚመጣው ምልክት፣ ስህተት ሲገባ የምትንቀጠቀጠው ሳጥን፣ ባዶ ገጽ ላይ የምትቀመጠው ስዕል፣ ወደታች ሲሳብ ብቅ የሚሉት ክፍሎች። በየጊዜው ይለወጣሉ፣ ይጨመራሉ። ከአዟሪነት ወደ ሱቅ የምትገባው በዚህ በር ነው።

አንዲት ዲቨሎፐር ከዓመታት በፊት ያለችኝን እስካሁን አልረሳሁትም። «ቆንጆ ቪዲዮ ትልኩልኛላችሁ፤ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነ ግን አትነግሩኝም። እኔ በዓይኔ እየገመትኩ እሰራዋለሁ፣ ከዚያ ‹የሰራሁት ይሄን አይደለም› ብላችሁ ትቆጣላችሁ።» እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፋይሉ ጋር አንድ ገጽ ማስታወሻ አብሬ እልካለሁ። እንቅስቃሴው ስንት ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ መቼ ይጀምራል፣ አነሳሱና አቋቋሙ እንዴት ነው፣ ይደጋገማል ወይስ አንዴ ሄዶ ይቆማል። አኒሜሽኑ ባይከፈት በምትኩ የሚቀመጥ የቆመ ምስልም አብሬ አስገባለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል። እንቅስቃሴ ሲያይ የሚያዞረው ሰው አለ። ስልክና ኮምፒውተር ላይ እንቅስቃሴ ቀንስ የሚል ማስተካከያ አለ፤ ብራውዘሩ ይህን ለዌብሳይቱ ይነግረዋል። ያ ሰው ሲመጣ ምን ይታየው? ማስታወሻህ ላይ ጻፈው። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚብለጨለጭ ነገር አትስራ፤ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ስለሚችል የዌብ ተደራሽነት መመሪያዎች ይከለክሉታል። በራሱ ጀምሮ ከአምስት ሰከንድ በላይ የሚቀጥል እንቅስቃሴም ማቆሚያ ይፈልጋል። ይህን ሁለቱን ብቻ ለውጭ ደንበኛ ስትጠቅስለት ከወንበሩ ቀና ብሎ ነው የሚያነብህ።

እንግዲህ ሶፍትዌሩን ጠይቀኸኝ ነበር። ሁለቱንም አይደለም። ብሌንደር ነጻ ነው፣ የትም አይሄድብህም፣ ይጠብቅሃል። አሁን የምትማረው ዌብሳይት የሚጻፍባቸው ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ነው፣ ቀጥሎ ትንሽ ጃቫስክሪፕት። ዲቨሎፐር ሁን አላልኩህም። ቋንቋቸውን ስማ ነው ያልኩህ። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ሳጥን ከግራ ወደ ቀኝ ለመውሰድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቦታውን ራሱን መለወጥ ነው፤ ያኔ ብራውዘሩ የገጹን አቀማመጥ በየፍሬሙ (በየአንዱ ምስል) እንደገና ይለካል። ሁለተኛው ትራንስፎርም በሚባለው የሲኤስኤስ ትዕዛዝ መግፋት ነው፤ ያኔ ሌላው ገጽ ሳይነካ ሳጥኑ ብቻ ይንሸራተታል። በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲሄድ ከፈለግክ ለአንዱ ፍሬም ያለህ ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ጥሩ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ርካሽ ስልክ ላይ ግን የመጀመሪያው እንደ ጉድጓድ መንገድ ታክሲ ይንገጫገጫል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሞሽን ዲዛይነር ከዲቨሎፐር ጋር አይጣላም።

ሲኤስኤሱ ሲገባህ ጂሳፕ የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ማንቀሳቀሻ ሞክር። ድሮ አንዳንዶቹ ፕለጊኖቹ በክፍያ ነበሩ፤ ከፈረንጅ 2025 ወዲህ ሙሉ በሙሉ ነጻ ሆኗል። ሲነካ መልስ የሚሰጥ፣ የሚያይ፣ የሚጠቅስ ገጸ ባህሪ ከፈለግክ ደግሞ ራይቭ የሚባል ፕሮግራም አለ። ማታ ማታ ሎጎ ከምታዞርበት ሰዓት ግማሹን ለዚህ ብትሰጠው ሦስት ወር አይፈጅብህም።

አሁን ደግሞ ልቤ ያለበት ቦታ ልውሰድህ። ፊደል።

የውጭ ገበያ ሰፊ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። በአማርኛ ጽሁፍ አሳምሮ የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን ስትፈልግ አታገኝም። የምናየው ለእንግሊዝኛ የተሰራ ቴምፕሌት (ዝግጁ ቅርጽ) ላይ አማርኛ የተጠቀጠቀበት ነው። ቴምፕሌቱ የተሰራው ለትልልቅ የላቲን ፊደላት ነው፣ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ቴምፕሌቱ ቃል በቃል እያወጣ ያሳያል፤ እንግሊዝኛው በአምስት ቃል የሚለውን እኛ «አልሰጠኋቸውም» ብለን በአንድ እንጨርሰዋለን። ምቱ ሁሉ ይፋለሳል። እንግሊዝኛው ጠብ ጠብ እያለ ሲመጣ አማርኛው ድብ ይላል።

እስቲ «ለ»ን ውሰድና ቁጭ ብለህ እየው። «ሉ» ሲሆን ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ አንዲት ጭረት ትወጣለች። «ሊ» ሲሆን ያቺው ጭረት ወደ እግሩ ጫፍ ትወርዳለች። «ላ» ላይ የግራ እግሩ ያጥርና በቀኙ ይቆማል። «ሌ» ላይ እግሩ ቀለበት ያስራል። ይህ እኮ ተስሎ ያለቀ አኒሜሽን ነው! ፍሬሞቹን አባቶቻችን ሰርተው አስቀምጠውልናል፤ በመሃል የሚገባውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው የምትጨምረው። አንድ ቀን ተማሪ ሳለሁ ሀሁ ገበታውን በጣቴ እየተከተልኩ ወደ ጎን ሳነበው ፊደሎቹ የሚንቀሳቀሱ መስለውኝ ነበር። ሞሽን ዲዛይነር የሆንኩት ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላ ትንሽ ነገር። በአማርኛ ሲተየብ የሚያሳይ አኒሜሽን ስትሰራ ፊደሎቹን ያለቁ አድርገህ አታስገባቸው። በኪቦርድ ስንጽፍ መጀመሪያ «ል» ትመጣለች፣ ከዚያ «ላ» ትሆናለች። «ሰላም» ለማለት «ስ፣ ሰ፣ ሰል፣ ሰላ፣ ሰላም» ብለን ነው የምናልፈው። እንደዚያ አድርገህ አሳየው። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግርህም። የአገር ውስጥ ባንክና የክፍያ አፖችን የሚሰሩ ቡድኖች ይህን ዓይነት ሰው ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ የሚያገኙት ግን የሚሽከረከር ክብ ነው።

ስለዚህ ሪልህን፣ የስራ ማሳያ ቪዲዮህን፣ አፍርሰው። አርባ ቅንጭብ በሙዚቃ ደርድረህ እንደሆነ ሳላየው አውቃለሁ። በምትኩ ሦስት ስራ ብቻ አስቀምጥ። የመጀመሪያው ፊደል ይሁን። ሁለተኛው አንድ ሙሉ የአፕ ጉዞ፤ ለምሳሌ ገንዘብ ከመላክ እስከ ደረሰኝ፣ ለምናባዊ አፕ ቢሆንም ግድ የለም። ሦስተኛው ከዲቨሎፐር ጋር ሰርተህ እውነተኛ ገጽ ላይ የገባ። በእያንዳንዱ ስር ሁለት ሦስት መስመር ጻፍ፤ ችግሩ ምን ነበር፣ ፋይሉ ስንት ኪሎባይት ሆነ፣ አንተ የሰራኸው የቱን ነው። ለአሰሪህ የሰራኸውን ከማሳየትህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ።

ወደ ስራ መልቀቁ ልምጣ። እናትህ ልክ ናቸው፣ ለጊዜው። መልቀቂያ የምታስገባው ያጠራቀምከው ብር እያደገ ነው ብለህ ብቻ መሆን የለበትም። እኔ የምለው ምልክት ሌላ ነው፤ ሳትፈልጋቸው ራሳቸው ተመልሰው የመጡ ሁለት ደንበኞች ካሉህ፣ የስድስት ወር ወጪህም ባንክ ከተቀመጠ፣ ያኔ ልቀቅ። አዲስ ደንበኛ ማግኘት ዕድልም ሊሆን ይችላል። ተመላሽ ግን ዕድል አይደለም። የአሰሪህን ደንበኛ ይዘህ እንዳትወጣ ግን፤ ይህች ከተማ ጠባብ ናት።

ዋጋ ላይ በሰከንድ አትሸጥ። በምዕራፍ ሽጠው። ንድፉ አንድ፣ እንቅስቃሴው ሁለት፣ ርክክቡ ሦስት። ግማሹን ቀብድ ተቀበል፤ ቀብድ ያልከፈለ ሰው ስራ አላዘዘህም፣ አወራህ እንጂ። ማስተካከያው ሁለት ዙር ነው በል፣ በጽሁፍ። ከዚያ ያለፈው ተጨማሪ ክፍያ አለው። ፕሮጀክት ፋይሉ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። «ወንድሜ፣ ትንሽ ነገር ናት» ሲሉህ ሳቅና ያንኑ ዋጋ ድገምላቸው። አገር ውስጥ ካሉ ድርጅቶች ጋር ለመስራት ደግሞ ቲን ነምበርና ንግድ ፈቃድ አውጣ። ደረሰኝ ከሌለህ ሂሳብ ክፍሉ በር ላይ ትቀራለህ፣ ስራህ የቱንም ያህል ቢያምር።

ዶላሩ። ፋይቨር ከመቶው 20 ዶላር ወስዶ 80 ይሰጥሃል፤ ዋጋ ስታወጣ ይህን አስገባ። ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ፔይፓል ነው፤ እዚህ አገር ለመቀበያ አይሆንህም። ብዙ የኛ ሰው የሚጠቀመው ፔዮኒር የሚባለውን የክፍያ አገልግሎት ነው፣ ከዚያ ወደ አገር ውስጥ ባንክ። ትልቅ ክፍያ ሲሆን በቀጥታ የባንክ ማስተላለፊያም ይቻላል። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በባንክ ማስገባት እንደ ድሮው አንጀት የሚያቃጥል አይደለም። አሜሪካ ባለ የአክስት ልጅ ስም አካውንት መክፈት ግን ይቅርብህ። አንድ ቀን ድርጅቱ መታወቂያ ይጠይቃል፣ አካውንቱ ይዘጋል፣ ገንዘቡ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ኩርፊያው እስከ ቤተ ዘመድ ይደርሳል።

የቀረውን የምጽፍልህ በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚለቀቅ ማስታወቂያ ይዤ ነበር። ሬንደሩ (ኮምፒውተሩ ቪዲዮውን ሰርቶ የሚያወጣበት) ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በአንድ ቪዲዮ ፋይል ነው ያስጀመርኩት። 94 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ የቀረልኝ የማይከፈት ፋይል ነበር። በማግስቱ ደንበኛው ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ሬንደር የማደርገው በፒኤንጂ ተከታታይ ምስል ነው። መብራት ቢሄድ ያለቁት ፍሬሞች እዚያው ናቸው፤ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ምስሎቹን ወደ ቪዲዮ መገጣጠም ደቂቃዎች ብቻ ነው። ለደንበኛ ለማሳያም ትልቁን ፋይል አትጫን፣ በትንሽ መጠን አውጥተህ ላክ።

ሰዓት ላይም ተጠንቀቅ። «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ተባብዬ ጠዋት ቁጭ ብዬ ጠብቄያለሁ፤ ሰውዬው ያሰበው በፈረንጅ ሦስት ሰዓት ነበር። ኒውዮርክ ጠዋት ቢሮ ሲገባ አንተ ዘንድ ከሰዓት 10 ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ደግሞ 11 ይሆናል። ቀጠሮ ሁሌም የሰዓት ቀጠናውን ጠቅሰህ በጽሁፍ አረጋግጥ።

ለዛሬ ማታ አንድ የቤት ስራ ልስጥህ። ያንን የጠፋውን ሰውዬ ሎጎ ክፈትና በሼፕ ሌየር እንደገና ስራው፣ ከዚያ በሎቲ አውጣው። ማስታወሻውንና የቆመውን ምስል ጨምር። ሳይጠይቅህ፣ ሳታስከፍለው ላክለት። «ባለፈው የላክሁት ለዌብ ከባድ ነበር፤ ይኸው ቀላሉ፣ ለዲቨሎፐርህ የሚሆን ማስታወሻም አለው» በል፣ ሌላ ምንም አትጨምር። ባይመልስ እንኳ የሪልህ ሦስተኛ ስራ ግማሹ ተሰራ ማለት ነው።

ከመላክህ በፊት ግን ገጹ ላይ አስገባና በእናትህ ስልክ ክፈተው።